ለባህር ዳሩ የጀልባ ሞተር መካኒክ ትልቅ ምስጋና፣ ጀልባ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገን፣ ጣና ላይ ጀልባ ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ይቺን አንብቡልኝ፣ ሁለት ወር ሙሉ ስሰቃይበት የከረምኩትን ነገር አንድ ሰው በቀን ተኩል ፈትተውልኝ ዝም ብዬ ብቀመጥ ነውር ነው።

ዘንድሮ ታህሳስ ላይ አዲስ የፋይበር ግላስ ጀልባ አሰርቼ ተረከብኩ። ስድስት ሜትር ተኩል ነው፣ 8 ሰው ይጭናል፣ ከኋላው ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሁለት ስትሮክ ያማሃ አለው፣ ከባህር ዳር ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሰው ላመላልስበት ብዬ ነው የተበደርኩት። ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልታዘዝ አለኝ። ፍጥነት ስጨምር አፍንጫው ብድግ ይልና ውሃው ላይ ዱብ ይላል፣ እንደገና ብድግ፣ እንደገና ዱብ፣ ሜዳ ውሃ ላይ እንኳ። ስጠመዝዘው ደሞ ሞተሩ በድንገት ይጮሃል፣ ጩኸቱ ብቻ ነው እንጂ ጀልባው አይገፋም። ጀልባው ወደ ቀኝ ስለሚጎትት እሱን ስይዝ ዘጌ እስክደርስ ክንዴ ይዝላል። ሰው ሲሞላ ደሞ በቃ ይሰንፋል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል።

የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ንግስ እናቶችን ጭኜ ስመለስ የከሰዓቱ ንፋስ ተነሳ፣ ማዕበሉን በፊት ለፊት ልቀበለው ብዬ ስጠመዝዝ ሞተሩ ያንን ጩኸቱን ጮኸና ጀልባው ጎኑን ለማዕበሉ ሰጠ። ሁላችንም ላይፍ ጃኬት ለብሰናል፣ ምንም አልሆንንም፣ ግን የእናቶቹ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ በማግስቱ ጀልባውን አስሬ ሰው አልጭንም አልኩ።

ያልጠየቅኩት የለም። አንዱ እምቦጭ ተጠምጥሞበት ነው ይለኛል፣ ሌላው ጀልባው ቀሎ ነው ድንጋይ ጫንበት፣ የሰራልኝ ሰው ደሞ ሞተሩ አንሶብህ ነው 60 ግዛ አለኝ። እኔም ሌላ ብድር ልጠይቅ ነበር የምር። ያኔ ነው አንድ ዓሣ አጥማጅ ወደ እኚህ ሰው የላከኝ።

ጋሼ መጥተው መጀመሪያ አንድ ብሎን አልነኩም። "ውሃ ላይ አውጣኝና አንተ ንዳ፣ እኔ ልይ" አሉ፣ ከኋላ ቁጭ ብለው ሞተሩ የሚተወውን አረፋ ብቻ ሲያዩ ቆዩ። ከዛ ጀልባውን ዳር አውጥተን ረጅም ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ሆዱ ላይ አጋደሙበት፣ ሆዱ ቀጥ ካላለ እሱም ሊያስዘልል ይችላል አሉኝ፣ የኔ ግን ቀጥ ያለ ነው። ቀጥለው ከፕሮፔለሩ (ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን ከሚገፋው) በላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ክንፍ አሳዩኝ፣ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይ ትንሽ ዝቅ ማለት ነበረባት፣ የኔዋ አራት ጣት ከፍ ብላለች! ሞተሩ የሚታሰርበት ላይ ትርፍ ጣውላ አድርገውበት ነው። ስጠመዝዝ ጀልባው ሲያጋድል ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይስባል፣ አየር ውስጥ ስለሚሽከረከር ይጮሃል አይገፋም። ጣውላውን አነሱት፣ ወጣን፣ ጩኸቱ ጠፋ።

ዝላዩ ግን አለ። እዚህ ጋ ነው ሰውየውን የወደድኳቸው፣ ሁሉን ባንዴ አይነካኩም፣ አንድ ነገር ይቀይራሉ፣ ውሃ ላይ ወጥተው ያያሉ፣ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። የሞተሩን ዘንበል የምትይዘው ፒን ከጀልባው የራቀው ቀዳዳ ላይ ነበረች። ሦስት ቀዳዳ ወደ ጀልባው አስገቧት፣ አሁን ደሞ አፍንጫው ውሃውን ማረስ ጀመረ፣ መሪውም ከበደ፣ አንድ መለሷት። ከኋላ ደርድሬያቸው የነበሩትን ሁለት የቤንዚን ጀሪካኖችና መልህቁን ወደ መሀል አዛወርን። በቃ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጀልባው ወደ ቀኝ የሚጎትተውን ለማስተካከል ከዛችው ክንፍ ስር ያለችውን ትንሽ ጭራ ብሎኗን አላልተው ጫፏን ወደ ቀኝ ገፋ አደረጓት፣ ወደሚጎትትበት በኩል ማለት ነው፣ እኔ ተቃራኒው ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ 8 ጆንያ አሸዋ በሰው ቦታ አስቀምጠን ወጣን። ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚቆጥር መሳሪያ ገጠሙና ሙሉ ነዳጅ ስሰጠው 4,300 ላይ ቆመ፣ መመሪያው ግን ከ4,500 እስከ 5,500 ይላል። ያስረዱኝን ልንገራችሁ፦ ጣና ከባህር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ሳስቷል፣ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ስለዚ 40 ብዬ የገዛሁት እዚህ 33 ቢሆን ነው። ፕሮፔለሩ ግን ባለ 13 ኢንች ነው፣ በአንድ ዙር 13 ኢንች ልሂድ ይላል ማለት ነው፣ የሳሳ ጉልበት አይችለውም፣ መኪና በአራተኛ ማርሽ ዳገት እንደማስወጣት ነው። ከመጋዘናቸው ያገለገለ ባለ 11 አምጥተው "ሞክረው፣ ካልሆነ አትገዛም" አሉኝ። ሞከርነው፣ 4,700 ገባ፣ ከነጭነቱ ተነሳ። ለጭሱ ደሞ ካርቡሬተሩን ለከፍታው አስተካከሉት።

60 ፈረስ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር እኮ! ሻጭ እንደሚያውቁም ነግረውኛል፣ ግን "የኔ ልጅ፣ የቸገረህ ሞተር አይደለም" ነው ያሉኝ። የወሰዱት የቀን ተኩል ድካማቸውንና የፕሮፔለሩን ዋጋ ብቻ ነው።

ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ባህር ዳር ወደቡ ላይ የጀልባ ሞተር የሚሰሩት ሸበቶው ሰውዬ ብላችሁ ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቁ፣ ያደርሷችኋል። በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ንፋስ ስለሚነሳ ለሙከራ አይወጡም፣ ጆንያም ይዛችሁ ሂዱ።

ትናንት እነዚያኑ እናቶች ዘጌ አድርሼ መለስኳቸው፣ አንዷ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።