በርሜል ድራፍት ወይስ ሳጥን ቢራ? ለቤት የቱ ይሻላል?

ጎንደር ጥምቀት ሲቀርብ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። "ድራፍት ቤት ብናስገባስ?" የሚል ሐሳብም አብሮ ይመጣል።

ዋጋ፦ ሳጥን ጣጣ የለውም። ባዶ ጠርሙሱን መልሶ ሌላ ማምጣት ነው። ለድራፍት ግን ከበርሜሉ ሌላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሲሊንደር፣ የግፊት መቆጣጠሪያ፣ ቱቦ፣ መቅጃ ቧንቧና በርሜል የሚችል ፍሪጅ ያስፈልጋል። ኪስ ይጎዳል።

መጠን፦ ባለ 30 ሊትሩ በርሜል 90 ጠርሙስ ገደማ ነው፤ አራት ሳጥን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

አቀዳድ፦ ጨዋታው እዚህ ነው። ድራፍት ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ይፈልጋል። ከሞቀ አረፋ ብቻ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን መብራት ጠፍቶ ለአማቼ ጃምቦ ሙሉ አረፋ አቀረብኩ። "ልጄ፣ ይሄ የሚጠጣ ነው ወይስ ጢም መላጫ?" አሉኝ።

ከፍታውም አለ። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። መመሪያው ላይ ያለው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው፤ እዚህ ሩብ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይጨመርበታል። ብርጭቆውን በ45 ዲግሪ አዘንብሉ፤ ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። በግማሽ ከተከፈተ አረፋ ይተፋል። ከላይ ሁለት ጣት አረፋ ይበቃል።

ስጋት፦ ጋዙ በጠባብ ዝግ ክፍል ውስጥ ካፈሰሰ ያፍናል። ቱቦው በየሁለት ሳምንቱ ካልታጠበ ቢራው ይኮመጥጣል። የጠርሙስ ስጋት ግን ቢበዛ መሰበር ነው።

ቅዳሜ ማታ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ለምትጠጡት ሳጥን ይበቃል። አርባ ሰው ለሚመጣበት ድግስ በርሜሉ ይግባ፤ በረዶ ግን አዘጋጁ።