ስልኬን ከአልጋዬ ያባረረችው ሰዓት

በአንድ ባትሪ የምትሠራ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ። ሰዓት ታሳያለች፣ ትደውላለች፣ በቃ። ሁለት ወር ሆነኝ፤ ለጥናት ብዬ ከጫንኳቸው አፖች ሁሉ እሷ በልጣብኛለች።

ችግሬ የብዙ ተማሪ ችግር ነው። ሌክቸሩ ስልክ ላይ፣ ፒዲኤፉ ስልክ ላይ፣ አሳይንመንቱም እዚያው፣ የክላሱ ቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አያርፍም። ጠዋት አላርም ላጥፋ ብዬ ስልኬን አነሳለሁ፣ ጣቴ አላርሙን አጥፍቶ ወደ ቴሌግራም ይሻገራል፣ ከዚያ ወደ ቲክቶክ፣ ገና ከአልጋ ሳልወርድ 40 ደቂቃ ሄዷል። ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስላል፣ ቀኑ ሳይጀመር ደክሞኛል።

የስልኩን ገደብም ሞክሬያለሁ። አንድሮይድም አይፎንም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አጠቃቀማችንን ቆጥሮ አፕ የሚዘጋ ነገር አላቸው። ግን ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ነው። ጊዜህ አልቋል ይልና እዚያው ማለፊያውን ያሳያል። የይለፍ ቃሉን ሌላ ሰው ካልያዘልኝ በቀር እኔ ሁሌም አልፈዋለሁ።

አሁን ማታ ስልኬን በሩ አጠገብ ካለው ሶኬት ሰክቼ እተኛለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ሲከብድ! እጄ በእንቅልፍ ልቡ ትራስ ሥር ይዳብስ ነበር።

ለጥናትም እሷኑ ነው የማየው፦ 25 ደቂቃ ጥናት፣ 5 ደቂቃ እረፍት። ዘዴው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ነው፣ ያወጣው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ የተሠራች የማድቤት ሰዓት ይዞ ነው የጀመረው። እኔ ድሮ በዘዴው ስጠቀም እረፍቷን ስልክ ላይ ስለማሳልፋት 5 ደቂቃዋ ግማሽ ሰዓት ትሆን ነበር። አሁን ተነስቼ በመስኮት ሩቅ ሩቁን አያለሁ፣ ዓይኔም ቀለል ይለዋል።

እንከን አላት። የደወሏ መርፌ ልክ አይደለችም፣ አንዳንዴ 5 ደቂቃ ትቀድማለች፤ ስለዚህ 25 ደቂቃዋን በዓይኔ ነው የምቆጥረው። መብራት የላትም፣ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት (አይሳቅ) ስልክ ማብራት ያስፈልጋል። ቀጭ ቀጯ ደግሞ አብሮኝ የሚኖረውን ልጅ አሰቃይታዋለች። አንድ ማታ በካልሲ ጠቀለልኳት፣ ጠዋት ደወሏን ሳልሰማ ክላስ አመለጠኝ።

የግሩፑን ጣጣ ግን ሰዓቷ አትፈታውም። አንዴ የፈተና ክፍል መቀየሩ ሌሊት ግሩፕ ላይ ተለጥፎ እኔ ጠዋት ባዶ ክፍል በር ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ለካስ ሌሊት ሌሊት የሚያስነሳኝ ቲክቶክ ሳይሆን ይሄ ፍርሃት ነበር። ከክላስ ተወካያችን ጋር ተነጋገርንና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አስቸኳይ ነገር ካለ ይደወላል፣ ሌላው ለነገ ይቆያል ተባባልን። ስልኩ በሩ ጋ ሆኖም ሲጠራ ይሰማል።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ቢጠየቅ ግን ከ1 የሚያልፍላት አይመስለኝም።