ማርክኖይኪርሸን ላሉት ቫዮሊን ሰሪ ሽማግሌ፣ እግዜር ይስጥልኝ!

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ጀርመን ለምትኖሩና ልጆቻችሁን ሙዚቃ ለምታስተምሩ። ይሄን ሳልጽፍ ባድር እንቅልፍ አይወስደኝም።

የልጄን ቫዮሊን የሰጧት ጎረቤታችን የነበሩ ጀርመናዊት አሮጊት ናቸው፣ የአባታቸው ነበር፣ ውስጡ «ስትራዲቫሪዩስ» የሚል ወረቀት አለው፣ የዝነኛው ጣሊያናዊ ቫዮሊን ሰሪ የስትራዲቫሪ ስም ማለት ነው። አንድ ቀን ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ታፈነ፣ ሲነቀነቅ ውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ከተማችን ያለ ሱቅ ወሰድነው፣ ሰውየው ወረቀቱን አየና ሳቀ፣ ልጄ ፊት እኮ ነው! «ተራ እቃ ነው፣ ማሰሪያው ከዋጋው ይበልጣል፣ አዲስ ግዙ» አለን። ሌላው ደግሞ ሦስት ሳምንት አስቀምጦ ምንም ሳይነካው ለምርመራ ብሎ 60 ዩሮ ተቀበለኝ። ልጄ ሳጥኑን አልጋ ስር ከታ መክፈት ተወች፣ አንጀቴ አረረ።

በመጨረሻ በአስተማሪዋ ጥቆማ ባቡር ይዘን ማርክኖይኪርሸን ሄድን፣ ዛክሰን ውስጥ ቼክ ድንበር አጠገብ ናት፣ ቫዮሊን ሰሪዎቿ ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1677 ነው። ሽማግሌው ትንሽ መብራትና መስታወት ይዘው ውስጡን አዩና ልጄን «ነይ እይ» አሏት፣ መብራቱን እሷ ያዘች። ለካ ውስጡ የሚቆም ቀጭን እንጨት ወድቋል። «ጣሊያኖች ነፍስ ይሉታል፣ ቫዮሊንሽ አልተበላሸም፣ ነፍሱ ናት የወደቀችው» አሏት። በጠማማ ብረት በዛች ጠባብ ቀዳዳ አስገብተው አቆሙት፣ እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ስለ ወረቀቱ ስትጠይቃቸው አልሳቁም። «ስትራዲቫሪ አልነካውም፣ ግን እንዳታፍሪበት። ያኔ እዚህ ሰው በየቤቱ ነበር የሚሠራው፣ አንዱ አንገቱን፣ አንዱ ሆዱን፣ ሌላው ቀለሙን፣ ነጋዴ ሰብስቦ ወረቀት ይለጥፍና አሜሪካ ድረስ ይልካል» አሏት። አሜሪካ እዛች ትንሽ ከተማ ቆንስላ ከፍታ ነበር አሉ! ከዛ ጫፉ ላይ ያለውን ጥቅልል አገላብጠው የቢላ ጭረት አሳዩዋት፣ «ስሙን አልጻፈም፣ እጁ ግን ይኸው» ብለው።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ጎንደር ማሲንቆውን ራሱ ነበር የሚሠራው፣ የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ የፈረስ ጭራ ስቦ፣ እሱም ስሙን የትም አልጻፈም። እዛው ቆሜ እንባዬ መጣ።

ሂሳብ ስላቸው የአንድ ክር ዋጋ ብቻ ነው የተቀበሉኝ። እባካችሁ የተሰበረ፣ የቆየ፣ ዋጋ የለውም የተባላችሁት ቫዮሊን ካለ ሳትጥሉት እሳቸው ጋ ውሰዱት፣ ልጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀስ ብለው ነው የሚያስረዱት። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ፣ ሳትደውሉ ግን እንዳትሄዱ፣ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት።