ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ወይስ ጄኤንዩ?

ሁለቱም የሕንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ሁለቱም ዴልሂ ውስጥ ይገኛሉ። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዳቸው ለየቅል ነው።

ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1922 ሲመሠረት ነባር ኮሌጆችን ሰብስቦ ነው የተነሳው። ቅዱስ እስጢፋኖስ ኮሌጅ ለምሳሌ ከ1881 ጀምሮ ነበር። ዛሬም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ውሎው ኮሌጁ ውስጥ ነው፤ "የት ነው የምትማረው?" ሲባል ቀድሞ የሚጠራውም የኮሌጁን ስም ነው። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ቢሮ ያለበት ሕንፃ ድሮ የእንግሊዙ እንደራሴ መኖሪያ ነበር። በኋላ የሕንድ የመጨረሻው የእንግሊዝ እንደራሴ የሆነው ማውንትባተን የወደፊት ሚስቱን ኤድዊናን "ታገቢኛለሽ?" ያላት እዚያው ነው ይባላል።

ጀዋሃርላል ኔህሩ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ጄኤንዩ፣ የ1969 ልጅ ነው። ዋና ትኩረቱ ማስተርስና ፒኤችዲ ነው። ግቢው ውስጥ ዳባ የሚሏቸው ሻይ ቤቶች አሉ፤ ማታ ማታ ክርክሩ እዚያ ይጦፋል። በተማሪዎች ኅብረት ምርጫ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩትም ተማሪው ፊት ቆመው ይሟገታሉ፤ ይህ እንኳን ደስ ይላል። በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ከተጋሩት አንዱ አብሂጂት ባነርጂ ማስተርሱን የሠራው እዚህ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ፤ ምርጫው ሰፊ ነው። ለታሪክና ለማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ጄኤንዩ። ፖለቲካ ቶሎ የሚሰለቸው ሰው ግን ቀድሞ ያስብበት።