የማሴ 135 ሊፍት የሚጠግን ሰው ለምትፈልጉ

ኢተያ ውስጥ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ታፔላ የሌለው ትንሽ ጋራዥ አለ። «የማሴው ጋራዥ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ያደርሷችኋል። የእኛን ትራክተር ሊፍት፣ ማለትም ከኋላ ማረሻውን የሚያነሳውን ሃይድሮሊክ፣ እዚያ አስጠግኜ በሥራው በጣም ረክቻለሁ። ቅር ያሰኘኝም ነገር አለ፤ እሱንም እጽፋለሁ።

ትራክተሩ የአባቴ ነው። ማሴ ፈርጉሰን 135፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1964 መጨረሻ የወጣ ነው፤ እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ይሠራ ነበር። ሞተሩ ዛሬም በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ያስቸገረን የኋላው ነው። ማረሻውን ሲያነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ማረሻው ወዲያው መሬት ይቀመጣል።

ሌላ ከተማ ያሳየሁት መካኒክ አንድ ቡሎን እንኳ ሳይፈታ «ፓምፑ አልቋል፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። የሃይድሮሊክ ፓምፕ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የኢተያው ጋሼ እንደዛ አላደረገም። ዘይቱን ቀነስ አድርጎ የጎኑን ክዳን ፈታ። ሞተሩን አስነሳና ማረሻውን ወደ ላይ አድርጎ በባትሪ ወደ ውስጥ አበራ። «ና ልጄ፣ ራስህ እይ» አለኝ። ከሊፍቱ ሲሊንደር አፍ ዘይት ይወርዳል፤ ጠብ ጠብ እያለ ሳይሆን እንደ ክር ተያይዞ። «ፓምፑ ሥራውን እየሠራ ነው፣ የሚልከውን የሚይዝለት ነው የጠፋው» አለ። ያን ጊዜ ነው ልቤ ያረፈው። ደንበኛውን ጠርቶ የሚያሳይ መካኒክ ስንት አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የ135 ፓምፕ የሚገኘው እዚያው ኋላ ካሳው (የብረት ሳጥኑ) ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። አራት ትናንሽ ፒስተኖች አሉት፤ የሚያንቀሳቅሳቸው የፒቲኦ ዘንግ ነው፤ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ አውጥቶ ለሌላ መሣሪያ የሚሰጠው ዘንግ ማለት ነው። ፓምፑ ዘይት ገፍቶ የሊፍቱን ትልቅ ፒስተን ያስወጣል፣ ፒስተኑ ክንዶቹን ያነሳል። የሚገፋው ወደ ላይ ብቻ ነው። ወደ ታች የሚያወርደው የማረሻው ክብደት ነው። ስለዚህ ፒስተኑ ላይ ያለችው ኦሪንግ፣ ዘይት እንዳያልፍ የምትይዘው የላስቲክ ቀለበት፣ ካለቀች ማረሻው ቆሞ አይቆይም። ፓምፕ ብትቀይሩም ያው ነው።

ወንበሩ ተነሳ፣ የክንዶቹ ዘንጎች ተፈቱ፣ ከባዱ የላይኛው ክዳን በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ተነሳ። ፒስተኑ ሲወጣ ኦሪንጓን በእጄ ያዝኳት። ደርቃለች። በጥፍር ብትጫናት አትሰምጥም፣ አንዱ ጎኗ ደግሞ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። ለዚህች ነው እንግዲህ ሙሉ ፓምፕ ልገዛ የነበረው።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር ልበል። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ሁለት ዓይነት የሲል ኪት (የኦሪንግና የመሳሰሉት ስብስብ) አምጥቼ ነበር፣ ርካሹንና ወደድ ያለውን። በዓይን አይለዩም። ጋሼ ግን በካሊፐር ለካቸውና የርካሹ ኦሪንግ ቀጠን ያለ ሆኖ ተገኘ። ዙሪያው ልክ ነው፣ ውፍረቱ ነው ያነሰው። «ይሄ አንድ ክረምት አይወጣም» ብሎ መለሰልኝ። እኔም የምለው ያንኑ ነው፤ እዚህ ላይ አትቆጥቡ፣ ክዳኑን ዳግመኛ ማስነሳት ከኦሪንግ ይወደዳል።

በጣም የወደድኩት ግን የኋላውን ሞላ የያዘበት መንገድ ነው። ማረሻውን ከላይ በኩል ከትራክተሩ ጋር የሚያገናኘው የላይኛው ዘንግ የሚታሰርበት ቦታ ጀርባ ያለችውን ወፍራም ሞላ ማለቴ ነው። ብዙ ጋራዥ አይነካትም። የሃሪ ፈርጉሰን ፈጠራ ያለው ግን እዚያ ነው። ድሮ ማረሻ ከኋላ ዝም ብሎ ሲጎተት ድንጋይ ከመታ ትራክተሩ የፊት እግሩን አንስቶ በነጂው ላይ ሊገለበጥ ይችል ነበር። ፈርጉሰን ማረሻውን በሦስት ነጥብ አሰረው። አፈሩ ሲከብድ የላይኛው ዘንግ ወደፊት ይገፋል፣ የትራክተሩን አፍንጫ መሬት ያስይዘዋል። በዚያው ግፊት ሞላዋ ትጨመቅና ሊፍቱን ታዘዋለች፤ ማረሻው ትንሽ ቀና ይላል፣ ክብደቱም የኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። ቀላል ትራክተር ጠንካራ መሬት የሚያርሰው በዚህ ነው።

የእኛ ሞላ ቤቷ ውስጥ ትላወስ ነበር። ማረሻው እርሻ ላይ ብቅ ጥልቅ ያለብን በእሷ ነው። ጋሼ አስተካክሎ ሲጨርስ እጄን ወስዶ አስነካኝ። በሁለት ጣት ትዞራለች፣ ወደፊትና ወደኋላ ግን ቅንጣት አትነቃነቅም። እንደዛ ነው መሆን ያለባት።

የታችኞቹ ክንዶች ጫፍ ላይ ያሉት ኳሶች ቀዳዳቸው ሞላላ ሆኖ ነበር። አሮጌዎቹን ቆርጦ አዲስ በየደ። በስፒና ፈንታ ፌሮ ቆርጠን የምንሰካበትን ልማድ ጋሼ አይወድም፤ 22 ሚሊሜትር ትክክለኛ ስፒና ከነመቆለፊያው አስገዛኝ። ፌሮ የሚበላው ኳሱን ነው።

ሲገጠም ከባዱ ነገር ክዳኑን መልሶ ማውረድ ነው። ከክዳኑ ወደ ታች የምትወርድ ዘንግ አለች፣ ፓምፑ ላይ ካለችው ሮለር ጋር በትክክለኛው ጎን መገናኘት አለባት። ካለፈቻት ሊፍቱ ትእዛዝ አይሰማም። ረዳቱ ልጅ በጎኑ ቀዳዳ እያየ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ቆይ፣ አሁን» ሲል፣ ጋሼ ሰንሰለቱን ቀስ እያለ ሲለቅ ማየት ደስ ይላል። በክዳኑ ሥር የሚገባው ጓርኒሲዮንም አዲስ ነው።

ሲያልቅ ማረሻውን አነሳ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ጫፉ ከመሬት ያለውን ርቀት በሜትር ለካ። ምሳ በልተን ተመለስን። ለውጡ የማይታይ ነበር። በመለኪያው ጊዜ ማንም ከሥሩ እንዳይገባ ረዳቱን አቁሞ ነበር፤ ይህንንም አደንቅለታለሁ።

አሁን ቅር ያሰኘኝ። ግቢው ክፍት ነው፣ የአርሲ ነፋስ ደግሞ አቧራ ይዞ ይመጣል። ሃይድሮሊክ ተከፍቶ አቧራ ሲገባበት ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ላስቲክ እንዲያለብሱት ጠየቅኩ፣ ወዲያው አለበሱ። ሳይጠየቁ ማድረግ ነበረባቸው። አሮጌው ዘይት መሬት ላይ ይፈሳል፣ ይሄ መቅረት አለበት። ደረሰኝ የለም፣ የጽሑፍ ዋስትናም የለም። አሮጌ ዕቃችሁን ግን አንድ ሳይቀር ያስረክቧችኋል።

ካሳው የሚወስደው ዘይት ከ30 ሊትር በላይ ስለሆነ ዘይቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ ሂዱ፤ እዚያ ሁልጊዜ አይገኝም። ደግሞ ሰኔን አትጠብቁ። ዘር ሲደርስ ግቢው በትራክተር ይሞላል፣ ተራ አታገኙም።