ከኮፒ ቤት የገዛሁት የኬሞካይን ጥራዝ፦ ይዘቱ ደህና፣ ኅትመቱ ደካማ

ጅማ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም ሳይርቅ ከሚገኝ አንድ ኮፒ ቤት፣ ኬሞካይኖች የጡት ካንሰር ዕጢን አካባቢ እንዴት እንደሚቀርጹ የሚያብራራ፣ የአዘጋጁ ስም ያልተጻፈበት ባለ 64 ገጽ ጥራዝ በ180 ብር ገዝቼ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ጥራዙን የወደድኩት ዕጢውን የካንሰር ሴሎች ክምር ብቻ አድርጎ ባለማየቱ ነው። ኬሞካይኖች ሌሎች ሴሎችን ወደ አንድ ቦታ የሚጠሩ ትንንሽ ፕሮቲኖች ናቸው፤ በሰው ላይ 50 ገደማ የሚሆኑት ሲታወቁ በሴሎች ላይ ሆነው ጥሪውን የሚቀበሉት ተቀባዮቻቸው ግን 20 አካባቢ ብቻ ስለሆኑ አንድ ተቀባይ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ለሆኑ ጠሪዎች ይታዘዛል። ከኬሞካይኖቹ መካከል ሲኤክስሲኤል9 እና ሲኤክስሲኤል10 ዕጢውን የሚያጠቁ ቲ ሴሎችን (ሰውነትን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎችን) ይስባሉ፤ ሲሲኤል22 በአንጻሩ ይህንኑ ጥቃት የሚያበርዱ ቲ ሴሎችን ይጠራል፤ ሲሲኤል2 ደግሞ እዚያው ደርሰው ወደ ማክሮፌጅ (ባዕድ ነገርን ወደሚውጥ ሴል) የሚለወጡ ሞኖሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሴሎችን ያመጣል።

ከሁሉ የበለጠው ስለ ሥርጭት፣ ማለትም ካንሰሩ ወደ ሌሎች አካላት ስለ መዛመቱ፣ የተጻፈው ክፍል ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 ካንሰርን በዘር፣ የሚያርፍበትን አካል በአፈር መስሎ ካቀረበው ሐሳብ ይነሳና፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት ለዚያ ምሳሌ ሞለኪውላዊ መልክ እንደሰጠው ያሳያል፦ የጡት ካንሰር ሴሎች ሲኤክስሲአር4 የተባለውን ተቀባይ በብዛት ይይዛሉ፣ የእርሱ ጠሪ የሆነው ሲኤክስሲኤል12 ደግሞ በሳንባ፣ በጉበት፣ በአጥንት መቅኒና በንፍፊቶች ውስጥ በብዛት ይገኛል። በዕጢው ውስጥ ያሉ ፋይብሮብላስት የተባሉ የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሴሎችም ይህንኑ ሲኤክስሲኤል12 እያመነጩ የካንሰር ሴሎችን ዕድገትና የደም ሥሮችን መብቀል እንደሚያግዙ ተጨምሯል።

የሕክምናው ምዕራፍ ግን ያሳዝናል። ሲሲኤል2ን ማገድ ብቻውን መፍትሔ እንደሆነ ተደርጎ ቀርቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በአይጦች ላይ የተደረገው ጥናት ግን እገዳው ሲቋረጥ በመቅኒ ታግተው የቆዩት ሞኖሳይቶች ተለቅቀው ሥርጭቱን እንዳባባሱት አሳይቷል። ይህን መተው ቀላል ግድፈት አይደለም። ሲኤክስሲአር4ን የሚያግደው ፕለሪክሳፎርም ከመድኃኒቶቹ ሠንጠረዥ ገብቷል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የተፈቀደው ግንደ ሴሎችን ከመቅኒ ወደ ደም ለማስወጣት እንጂ ለጡት ካንሰር አለመሆኑ ግን አልተገለጸም።

ለጅማ አንባቢ የሚቀርበው የደፊ አንቲጅን አለመነሳቱም ገርሞኛል። እዚህ በላቦራቶሪ የሚሠሩ ሰዎች ስሙን የሚያውቁት ከቫይቫክስ ወባ ጋር ነው፤ ነገር ግን ይኸው ፕሮቲን በቀይ የደም ሴል ላይ ሆኖ ሲሲኤል2ን የመሳሰሉ ኬሞካይኖችን ከደም የሚለቅም ተቀባይ ነው፣ በአገራችንም በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አንድ ገጽ ይበቃው ነበር።

ኅትመቱን በተመለከተ፣ በቀለም የተሠሩት ሥዕሎች በጥቁርና ነጭ ስለታተሙ አጥቂውን ቲ ሴል ከሚያበርደው መለየት አይቻልም። ከዚያም የባሰው፣ የጥራዙ ማሰሪያ ቀዳዳዎች የሠንጠረዡን ጠርዝ ስለበሱት በእኔ ቅጂ ላይ ሲሲኤል22 የሚለው ሲሲኤል2 ሆኖ ይነበባል፤ ጀማሪ ተማሪ ሁለቱን ቢያምታታ አይፈረድበትም። መግዛት የሚፈልግ ሰው ገጽ 21 እና 38ን በቀለም እንዲያትሙለትና ጠርዙን ሰፋ አድርገው እንዲጠርዙለት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ እኔ ተመልሼ ስጠይቅ ለሁለቱ ገጾች 30 ብር አስከፍለው በትህትና አትመውልኛል።