ጃንጎን በዊስኪ ወይስ በአስጊ?

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ይህች ጥያቄ አትቀርም። ጃንጎ በፓይተን ቋንቋ ዌብሳይት የሚሠራበት ማዕቀፍ ነው። ዊስኪና አስጊ ደግሞ ሁለቱም የፓይተን አፕሊኬሽንና ሰርቨር የሚግባቡባቸው ስታንዳርዶች ናቸው። አንደኛውን (WSGI) ባለሙያዎቹ ራሳቸው "ዊስኪ" ብለው ያነቡታል። ሌላው (ASGI) ለእኛ ጆሮ "አስጊ" ነው፤ የስሙን ያህል ግን አያስፈራም።

አሠራር
ዊስኪ፦ አስተናጋጁ ማኪያቶው እስኪደርስ ማሽኑ ሥር ተገትሮ ይጠብቃል።
አስጊ፦ ትእዛዙን ነግሮ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል።

ቅለት
ዊስኪ፦ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው። ጉኒኮርን በሚባለው ሰርቨር ወዲያው ይነሳል።
አስጊ፦ ጃንጎ ከ3.0 ጀምሮ ይቀበለዋል። እንደ ዩቪኮርን ያለ ሰርቨር ይፈልጋል።

ወጪ
ሁለቱም ነጻ።

ስጋት
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፤ እኔም ተሸውጃለሁ። አስጊ ላይ ስለጫኑት ብቻ ሳይቱ አይፈጥንም። በዊስኪ አሠራር የተጻፈ አንድ የድሮ ሚድልዌር (እያንዳንዱ የተጠቃሚ ጥያቄ የሚያልፍበት ኮድ) በመሃል ከገባ፣ ጃንጎ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትሬድ (ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር) ለመያዝ ይገደዳል። ያኔ ልፋቱ ለምን ነበር? ዊስኪ ላይ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም።

የሱቅ ወይም የክሊኒክ መመዝገቢያ ከሆነ ዊስኪ ይበቃል። የቀጥታ ቻት ካለበት ወይም የሌላ ድርጅት ኤፒአይ (ፕሮግራሞች የሚጠያየቁበት በር) መልስ ብዙ የሚያስጠብቅ ከሆነ ወደ አስጊ ይሂዱ። ለቀጥታ ቻት የሚያገለግለውን፣ ሳይዘጋ የሚቆየውን የዌብሶኬት ግንኙነት ዊስኪ ጭራሽ አያውቀውም።